አያቴን የገደልኩበት መስከረም

ክረምት ሲገባ እንጂ ሲወጣ ወግ ያለው አይመስለኝም። ሌላው እንግዳ ሲሄድ ይነሳል፣ በር ላይ ቆሞ ትንሽ ያወራል፣ በመጨረሻም «ደህና ሁኑ» ብሎ ይሄዳል። የዚያን ዓመት ክረምት ግን ዕንቁጣጣሽ አልፎ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶት፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ እሱ አቃቂ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጠዋት ዝናብ፣ ቀን ደመና፣ ማታ ቆፈን። ወንዙ ሞልቶ ያገሳል። ከእኛ ሰፈር እስከ ትምህርት ቤት ያለው ጭቃ ጫማ ይበላል፤ አንድ እግሩን ለጭቃው አስረክቦ በአንድ እግር ጫማ ክፍል የገባ ልጅ አይቻለሁ፤ ማንም አልሳቀበትም፣ ነገ የማን ተራ እንደሆነ አይታወቅማ።

እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እውነቱን ልንገራችሁና ብርዱ ብቻውን ቢሆን እችለው ነበር። ብርድ የጋራ ነው፤ ለሁሉም እኩል ሲሆን ደግሞ ጨዋታ አለው፤ እጅ ለእጅ ይፋተጉበታል፣ ይረግሙታል፣ ይለመዳል። እኔ ያልቻልኩት ዘሪሁንን የማይበርደው መሆኑን ነው።

ዘሪሁን የክፍል ጓደኛዬ ነው። አባቱ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ ባቡር ሲመጣ ባንዲራ ያውለበልባሉ፣ የጣቢያውን ስልክ ያነሳሉ፣ የቀረውን ጊዜ ሐዲዱን እያዩ ይቆማሉ። እኚህ ሰው አዲስ የደንብ ልብስ ሲታደላቸው አሮጌውን ካፖርት ለልጃቸው ሰጡት። ካፖርት ስላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ! ጥቁር ሰማያዊ፣ ወፍራም ሱፍ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ደረቱ ላይ በሁለት ረድፍ የነሐስ ቁልፍ የተደረደረበት። ዘሪሁን ውስጡ ሲገባ ከአንገቱ በላይ ብቻ ነበር የሚታየው። በሌላ ጊዜ ቢሆን «ድንኳን ለብሶ መጣ» ብለን በሳቅ በፈረስን ነበር። በዚያ ብርድ ግን ለሳቅ የሚተርፍ ጥርስ አልነበረም፤ ጥርሳችን ሁሉ መንቀጫቀጥ ላይ ነበር።

ካፖርቱ ሁለት ትልልቅ ኪስ አለው። በአንደኛው ውስጥ የዘሪሁን እጅ አለ። በሁለተኛው ውስጥ የአስካለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ። አስካለ ከስምንተኛ ክፍል ጀምራ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምትቀመጠው። እርሳሴን ትዋሰኛለች፤ መምህሩ ሲጠይቁኝ መልሱ ከጠፋኝ በክርኗ ጎሸም አድርጋ ታንሾካሹክልኛለች። በዚያ መስከረም ግን የዴስካችን መስኮት መስታወቱ ተሰብሮ ነበርና ነፋሱ ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባል። አንድ ጠዋት አስካለ ደብተሯን ሰበሰበችና «አይዞህ፣ ጆሮዬ ሊቆረጥ ስለሆነ ነው» ብላኝ ዘሪሁን ጋ ሄደች። ሙቀት ከሞቀው አካል ወደ ቀዘቀዘው ይተላለፋል የሚለውን ትምህርት የተማርነው በዚያው ሳምንት ነው። ሌሎቹ ከሰሌዳው ይገለብጣሉ፤ እኔ ምሳሌውን በዓይኔ እያየሁ ነበር። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላል መጽሐፍ ቅዱስ። የእኔ አጥንት አንዱን ጎን ብርድ፣ ሌላውን ጎን ነቀዝ ተካፍለውት ነበር።

ጋቢ አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ። ዳይሬክተራችን ግን ጋቢ የለበሰ ተማሪ እንቅልፍ እንጂ ትምህርት አይገባውም የሚል ጽኑ እምነት ስለነበራቸው ጋቢ ለብሶ ክፍል መግባት ክልክል ነው። ኮት ይፈቀዳል። ኮት ከየት ይመጣል? አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ ለአገር ሁሉ ጨርቅ ይሸምናል፤ የአገሩ ጨርቅ እኛ ቤት ሳይደርስ ያልቃል። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ቱፋ ደግሞ በር ላይ ቆመው የየአንዳንዳችንን ጋቢ ይገፍፉና ጎጇቸው ውስጥ ይከምራሉ። ከዚያ ክምሩ ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ። በአቃቂ ከዘሪሁን ቀጥሎ የሚሞቀው ሰው ጋሽ ቱፋ ነበሩ። በእሳቸውም እቀና ነበር፤ ቅናት አንዴ ከጀመረ ሰው አይመርጥም።

ተስፋዬ አንድ ብቻ ነበር። የእናቴ አባት፣ ሞጆ የሚኖሩት አያቴ አባባ ወልዴ፣ ጥቁር የሱፍ በርኖስ አላቸው። ዝናቡ ላዩ ላይ ተንከባሎ የሚወድቅ፣ የሚያስከብር በርኖስ ነው። ለበዓል በመጡ ቁጥር ጫፉን ያስነኩኝና «ስሞት ያንተ ነው» ይሉኛል። እኔም «ዕድሜ ይስጥልኝ አባባ» እላለሁ፤ እጄ ግን ሱፉን ቶሎ አይለቅም። እንዲሞቱብኝ ፈልጌ አላውቅም፤ ሳይሞቱ የሚሰጡበት ብልሃት ቢኖር ብዬ ብቻ ነበር የማስበው። የአባቴ አባት የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ታስፈልገኛለች።

እንግዲህ አንድ ማታ የረጠበ ጋቢዬን ከሰል ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ዘርግቼ፣ አስካለ ነገ ከየትኛው ኪስ ውስጥ እጇን እንደምታወጣ ሳሰላስል፣ አንድ ሽታ መጣ። ስነሳ ጋቢው ትከሻው ላይ ጭንቅላት የሚያሾልቅ ቀዳዳ አብጅቷል። እናቴ እንዳታየው አጣጥፌ ደበቅኩት። ጠዋት ደግሞ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። እኛ ቤት ሰዓት የለም፤ የሰፈራችን ሰዓት ባቡር ነው። የጠዋቱ ባቡር ሲያፏጭ ከአልጋዬ ዘለልኩ፤ ጋቢውን አነሳሁ፤ ቀዳዳው እንዳይታይ ላዩን ወደ ታች፣ ታቹን ወደ ላይ ገለበጥኩና ተከናንቤ ወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። የእኔው ቢፈታ ኖሮ ምን ያህል መልካም ነበር!

ጥለት ወደ ታች ሲወርድ ሰላም ነው። ጥለት አንገት ላይ ሲወጣ ግን ለባሹ ሰው ሞቶበታል። ይህንን የማያውቅ ሕፃን አቃቂ ውስጥ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን እየሮጠ የገዛ አንገቱን የሚያይ ማን ነው?

መንገድ ላይ ነገሩ ሁሉ ግራ የገባው ሆነብኝ። ጎመን የሚሸጡ ሴትዮ አዩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ። ጭቃ ሊረጨኝ የነበረ ባለጋሪ ፈረሱን ገትቶ አሳለፈኝ። የትምህርት ቤቱ በር ስደርስ፣ እንደ ልማዴ ጋቢዬን ላስረክብ ስል፣ ጋሽ ቱፋ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ያ ዋቃዮ!» አሉ። «እግዜር ያጥናችሁ ልጄ። ግባ፣ ግባ።»

«ጋቢውስ?»

«ማን ይነካብሃል! እኔ ቆሜ?»

ወይ እኔ አንድ ሌሊት ውስጥ አድጌያለሁ፣ ወይ ጋሽ ቱፋ ታመዋል ብዬ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ጫጫታው ጸጥ አለ። ሄጄ ነፋሳሙ ዴስኬ ላይ ተቀመጥኩ። አስካለ እጇን ከካፖርቱ ኪስ አወጣች። ተነሳች። ወደ እኔ መጣች! ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምነው? ምን ደረሰባችሁ?» አለችኝና በጣቷ አንገቴ ላይ ያለውን ጥለት ነካ አደረገችው።

ዝቅ ብዬ ሳይ ነገሩ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ በመስቀሉ እምላለሁ ከፍቼ ነበር። እሷ ግን አጠገቤ ተቀመጠች፤ በዚያ ነፋስ መሀል፣ በድሮ ቦታዋ። እጇንም እጄ ላይ አደረገች። እጇ ገና የካፖርቱ ሙቀት ነበረበት። ዘሪሁን ሲያሞቀው የከረመው እጅ ዛሬ እኔን አሞቀኝ። በዚህ ሰዓት እውነት የሚናገር ወንድ ካለ ወይ ቅዱስ ነው ወይ በርዶት አያውቅም።

«ማንን ነው ያጣኸው?» አለችኝ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «አያቴን» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። የአባቴ አባት ሞተዋል። መቼ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ያልተጠየቅኩትን አልመልስም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጠዋት በሕይወቴ ከሞቁት ጠዋቶች አንዱ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ መምህር ታደሰ የሒሳብ ፈተና ይዘው ገቡ፤ ሐዘኔን ሰሙ፤ «አንተ አትፈተንም፣ ተቀመጥ» አሉኝ። ሌላው ላቡን እያፈሰሰ በዚያ ብርድ ሲያካፍልና ሲያባዛ፣ እኔ ጋቢዬን ተጠቅልዬ፣ አስካለን በጎኔ አድርጌ፣ አልፎ አልፎ በረጅሙ እተነፍሳለሁ። ከኋላዬ አንዱ «የታደለ! እኔ የሚሞትልኝ አያት እንኳ የለኝም» ሲል ሰማሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በእኔ ቀና። እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ!

ደስታዬ እስከ ዕረፍት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ደወሉ ሲደወል ዘሪሁን ወደ እኔ መጣ። ምን ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ የካፖርቱን የነሐስ ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታና አውልቆ በጋቢዬ ላይ ደረበልኝ።

«ሐዘን ሰውነት ያቀዘቅዛል። ያንተ ሐዘን የእኔም ነው» አለ። እሱ በስስ ሸሚዝ ቀርቶ ይንቀጠቀጣል።

ስመኘው የኖርኩት ካፖርት ትከሻዬ ላይ ነው። አስካለ አጠገቤ ናት። ሰው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? አስካለን ዞር ብዬ አየኋት። እሷ ግን የምታየው ዘሪሁንን ነው።

«እንዴት ያለ ልጅ ነው!» አለች፣ ለራሷ። የአንገት ልብሷንም ፈትታ ሄዳ ለእሱ ጠመጠመችለት።

ልብ በሉልኝ፣ አያት የሞተብኝ እኔ! የሚታዘንለት እሱ! ካፖርቱን ሳይለብሰውም ሞቀው። በገዛ ለቅሶዬ ላይ ተቀደምኩ። በዚህ ስብሰለሰል ዘሪሁን መምህር ታደሰን «ቲቸር፣ ክፍሉ በሙሉ ለቅሶ ይድረስ» ሲል ሰማሁት።

«አይ፣ አያስፈልግም» አልኩ ብድግ ብዬ። «ቀብሩ ሩቅ ነው። ገጠር ነው።»

«ቀብሩን ማን አለ? እናትህን እናጽናና እንጂ» አለ ዘሪሁን። ይህ ልጅ ደግነቱ ማቆሚያ የለውም። ክፉ ልጅ ቢሆን ኖሮ እኔ ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር።

ከምሳ በኋላ በዝናብ ወጣን። መምህር ታደሰ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት። ሴቶቹ ልጆች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉ። እኔ ቀድሜ ሮጬ እናቴን ላስጠነቅቅ አስቤ ነበር፤ ግን ሐዘንተኛ ብቻውን አይለቀቅም፤ ራሱን ይጥላል ተብሎ ይሰጋለታል። ግራ ክንዴን ዘሪሁን፣ ቀኝ ክንዴን አንድ ጠብደል ልጅ ያዙኝ። ላመልጥ ስታገል «አይዞህ፣ ጠንክር» እያሉ አጥብቀው ይይዙኛል። ሐዲዱን ስንሻገር ማልቀስ ጀመርኩ፤ የእውነት ለቅሶ ነው። ባለቅስኩ ቁጥር ሌሎቹም ያለቅሳሉ። መንገደኛው ሁሉ ኮፍያውን እያወለቀ ያሳልፈናል።

እናቴ ግቢ ውስጥ በዶማ የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ትቆፍር ነበር። ቀና ስትል ምን እንዳየች አስቡት። ጃንጥላ የያዙ ትልቅ ሰው፣ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰልፍ፣ መሀል ላይ ልጇ በሁለት ሰው ተይዞ ሲያለቅስ። እንዲህ ተሰልፎ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ እንጂ ሌላ ምን አለ? ዶማው ከእጇ ወደቀ።

«ማን ነው?» አለች በቀጭን ድምፅ። «በሉ ንገሩኝ፣ ማን ነው?»

መምህር ታደሰ ቤቱ ለቅሶ ላይ ስላልሆነ ግራ ገባቸው፤ ቢሆንም መምህር ናቸውና የመጡበትን ትምህርት ሳይጨርሱ አይመለሱም። «እትዬ ብርቄ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ ኮፍያቸውን አውልቀው። «የልጁ አያት ማረፋቸውን ሰምተን ነው።»

እናቴ አንድ አባት ነው ያላት፤ ሞጆ ያሉት። «አባቴን!» ብላ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር። ጎረቤት አጥሩን ጥሶ ገባ። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች፣ ሙሾ ሲያወርዱ ድንጋይ የሚያስለቅሱ ሴት፣ መቀነታቸውን አጥብቀው መጡ። የአንዱ ቤት ስንዴና ባቄላ ለንፍሮ ተጣደ። እኔ እናቴ እግር ስር ወድቄ «እማዬ፣ አባባ አልሞቱም! ደህና ናቸው!» እያልኩ እጮሃለሁ።

«ወይኔ ልጄን፣ ሐዘኑ አናወዘው» አሉ እትዬ ዘነበች። «ራሱ ላይ ውኃ አፍስሱበት።» አፈሰሱብኝ። ውኃው ደግሞ የክረምት ውኃ ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ነገሩ የገባው አንድ ዘሪሁን ብቻ ነበር። ጎተተኝና ከቤቱ ጀርባ ወሰደኝ። «እውነት በል፣ አያትህ ሞተዋል?» አለኝ። ነገርኩት። የትኛው አያት እንደሞቱና የትኛው እንዳልሞቱ፣ ስለ ቀዳዳውም፣ ስለ ጥለቱም። ስለ ኪሱና ስለ አስካለ እጅ ብቻ አልነገርኩትም። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ «እናትህ እኮ ልትሞት ነው» አለና ወደ ጣቢያው ሮጠ። አባቱ ለሞጆ ጣቢያ ስልክ ደወሉ። አባባ ወልዴ የሚኖሩት እዚያው ጣቢያው አጠገብ ስለሆነ ሞጆ ያለው ሰው ወጥቶ አገኛቸው፤ «አሉ፣ በግ እየገዙ ነው» ብሎ መለሰ።

ዘሪሁን እየሮጠ ተመለሰ። «ደህና ናቸው! አሁን በስልክ ተጠይቆ ነው፣ ደህና ናቸው!»

ሰው ሞቶ «ደህና ነው» ያልተባለበት ጊዜ መቼ አለ? ማን ነው የሞተን ሰው በአንዴ ሞተ ብሎ የሚናገር? እናቴ «ደህና ናቸው» የሚለውን ስትሰማ ጭራሽ ባሰባት። «ደህና ነው ካላችሁማ ሞቷል!» ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ በኋላ እውነትን የሚሰማ ሰው አልነበረም። አባቴ ከፋብሪካ ተጠርቶ መጣ፤ አማቱን በሕይወት እያሉ አንድም ቀን አልወደዳቸውም፤ ሞቱ ሲባል ግን ከሁሉ ይበልጥ ጮኸ።

ሞጆ ያለው የጣቢያ ሰው ደግሞ ሥርዓት አዋቂ ሰው ኖሯል። አባባ ወልዴን «አቃቂ ልጅዎ ቤት ሰው ስለእርስዎ እያለቀሰ ነው» ብሎ እንዴት ይናገር? «አቃቂ ይፈልጉዎታል፣ በሚመጣው ባቡር ይሂዱ» ብቻ አላቸው። ሽማግሌ እንዲህ በድንገት፣ ምክንያቱ ሳይነገረው ሲጠራ ትርጉሙ አንድ ነው። አባባ በጉንም ትተው፣ በርኖሳቸውን ደርበው፣ «ወይ ልጄ ወይ የልጅ ልጄ» እያሉ መንገዱን በሙሉ አለቀሱ።

ባቡሩ አመሻሹ ላይ ሲያፏጭ ዘሪሁን ጣቢያ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ካፖርቱን ከእኔ ወስዶታል፤ በእውነቱ ያን ጊዜ የሞቀኝ እፍረት ስለነበር አልጠየቅኩትም። ያ ዝናብ የማይደፍረው በርኖስ እንኳ፣ ሞጆ ጣቢያ ባቡር ሲጠብቁ የወረደውን ዶፍ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል። ዘሪሁን ይህንን ተቀብሎ በክንዱ ያዘ፤ ካፖርቱን አውልቆ አለበሳቸው፤ ደግፎም በጭቃው ውስጥ አመጣቸው። «ማን ነው የሞተብኝ?» ሲሉት «ቤት ደርሰን» ብቻ ነበር የሚላቸው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርማ። ደግሞስ ለአንድ ሰው «እርስዎ ነዎት» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

እነሱ ግቢ ሲገቡ እትዬ ዘነበች ቆመው እያወረዱ ነበር፦

«ባቡሩ መጣ፣ ሰዉም ወረደ፣
የእኔማ ጌታ በየት ነጎደ!»

አባባ ይህንን ሲሰሙ የሞተችው ልጃቸው መሰለቻቸውና «ወይ ልጄን!» ብለው ገቡ። በነሐስ ቁልፍ የተንቆጠቆጠ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ሲያለቅሱ ያየ ለቀስተኛ ሁሉ ተነስቶ ቦታ ለቀቀ። «የባቡር ሹም ናቸው» ተባባሉ። «ሟቹ ትልቅ ሰው ነበሩ ማለት ነው።» ደግፈው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እኔ ድምፃቸውን አውቄዋለሁ። ከሰው ጀርባ ተሸሸግኩ።

አባባ አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰው ዘንበል አሉ። «ማን ነው የሞተው?»

«የእትዬ ብርቄ አባት ናቸው፣ የሞጆው።»

አባባ ለቅሷቸውን አቆሙ። ትንሽ አሰቡ።

«አቶ ወልዴ?»

«አዎ። ያውቋቸው ኖሯል?»

«በመጠኑ» አሉ አባባ። «ምን አግኝቷቸው ነው?»

«ድንገት ነው ይላሉ። መርዶውን ያመጣው የልጅ ልጃቸው ነው።»

አባባ ተነሱ። «ብርቄ!» ብለው ተጣሩ። እናቴ ቀና አለች፤ አየቻቸው፤ ያን ቀን ከጮኸችው ሁሉ የሚበልጠውን ጮኸችና አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እትዬ ዘነበች አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አባቴ እንባውን ጠርጎ ወደ ድሮ ፊቱ ተመለሰ። ንፍሮው በስሎ ነበርና አባባ አንድ እፍኝ ዘግነው «የራሴን ንፍሮ ለመብላት የበቃሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም» እያሉ ቆረጠሙ። ከዚያ በዓይናቸው ፈለጉኝ።

«ና እስቲ አንተ። መቼ ነው የሞትኩት?»

«እርስዎን አይደለም አባባ። የአባቴን አባት ነው ያልኩት።»

«እሳቸውማ ተዝካራቸው ከወጣ ስንት ዘመኑ!» አለ አባቴ ከጥግ።

አባባ ዘሪሁን ክንድ ላይ የተንጠለጠለውን በርኖሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። «ገባኝ። በርኖሱ ነዋ ያስቸኮለህ! ስሞት ያንተ ነው ብዬ ነበር።»

«አባባ፣ እውነቴን ነው፣ በርኖሱ አይደለም፤ ብርዱ ነው፣ ዴስኩ ነው...»

«እንግዲህ ሞቼ ነበር፤ ስነሳ ሐሳቤን ቀየርኩ» አሉ። ዘሪሁንን በትከሻው ይዘው «ይህ ልጅ ለማያውቀው ሽማግሌ የለበሰውን አውልቆ ሰጠ። በርኖሱ የእሱ ነው» ብለው ደረቡለት። ላለው ይጨመርለታል እንደተባለው፣ ካፖርት የነበረው ልጅ በርኖስ ተጨመረለት። እኔ ቀዳዳ ጋቢዬን ይዤ ቀረሁ፤ ቀዳዳውንም በዚያው እናቴ አየችው።

ለቀስተኛው እየሳቀ ሲበተን አስካለ በሩ ጋ ጠበቀችኝ። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«ለምን እንዲህ አደረግህ?» አለችኝ።

እዚያ ላይ እውነቱ አመለጠኝ። «እጅሽን ከእሱ ኪስ እንድታወጪ ነው» አልኳት።

«ነይ ብትለኝ እኮ እመለስ ነበር» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ሄደች።

በማግስቱ ስነቃ ጣሪያው ጸጥ ብሏል። በሩን ስከፍት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታው፣ ከጭቃው እንፋሎት የሚነሳ፤ ክረምቱ በአንድ ሌሊት ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል። እንዲያ ስንለምነው አንድ ቀን ቀደም ቢል ምን ነበረበት? ዘሪሁን በራችን ላይ በሸሚዝ ቆሟል፤ ክንዱ ላይ ካፖርቱን ይዟል።

«እኔ በርኖስ አለኝ» አለኝ። «አባቴንም ጠይቄዋለሁ። ይህ ያንተ ይሁን፣ ደግሞ እንዳይበርድህ።»

ከልቡ ነው የሚናገረው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ተቀበልኩት። ለበስኩት። ቁልፎቹን እስከ አንገቴ ቆለፍኳቸው። ይህንን ካፖርት ስመኝ ከርሜ፣ ፀሐይ ወጣች ብዬ ላወልቀው? ቀኑን ሙሉ ለብሼው ዋልኩ። ላቤ ከጀርባዬ እስከ ካልሲዬ ይወርዳል። በዕረፍት ሰዓት ተማሪው ሁሉ እጅጌውን ጠቅልሎ የክፍሉን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፤ አስካለና ዘሪሁንም እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ። እኔ ለብቻዬ ጥላ ስር ቆሜ፣ ሁለቱንም እጄን በሁለቱ ኪሶች አስገብቻለሁ። ኪሶቹ እውነትም ሰፋፊ ናቸው፤ በየአንዳንዳቸው ለአንድ እጅ ቦታ ይተርፋል።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጋሽ ቱፋ በሩ ላይ ነበሩ። የሚቀመጡበት ጋቢ አጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከእግር እስከ ራሴ፣ በዚያ ሙቀት የተከናነብኩትን ሱፍ፣ ከግንባሬ የሚወርደውን ላብ፣ ፊቴንም አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምነው ልጄ፣ አሁን ደግሞ ማን ሞተብህ?»

«ክረምቱ፣ ጋሽ ቱፋ» አልኳቸው።

ቀስ ብለው ተነሱና ኮፍያቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር» አሉኝ።